በየሳህኑ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሩዝ

ባለፈው እሑድ የሶፋውን ልብስ ላጥብ ብዬ ትራሱን ሳነሳ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የልጄ የሰላም የሒሳብ ፈተና ነው፤ ከላይ በቀይ ሰባት ከሃያ ተጽፎበታል። ሰላም ሰባተኛ ክፍል ናት። ጅዴይዴ ሰፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ዕቃ መደበቂያ ቦታ እንኳ የላትም። ተናድጄ ልጠራት አፌን ስከፍት ጥያቄው ውስጥ ስለ ኪሎ የሚያወራ ነገር አየሁና ሳላስበው ሳቄ መጣ። ከሃያ ዓመት በፊት በሰው ቤት ተቀጥሬ የሠራሁበት የአሽራፊዬ ሰፈሩ ወጥ ቤት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኮምቦልቻ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነው ለቤት ሠራተኛነት ወደዚህ ዐረብ አገር የመጣሁት፤ በሒሳብ ማንም አይደርስብኝም ነበር፣ ይህንንም ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም እናገራለሁ። ማዳሜ የልብስ ሱቅ ነበራት፤ ባሏ ባሕረ ሰላጤ አገር ይሠራል። አንድ ልጃቸው ማያ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ግን ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ የሚቀድማት ቃል "ስንት አመጣሽ?" ነው። ትምህርት ቤቱ የማያ ሒሳብ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከሃያ አሥር ካልሞላ ክፍሉን ትደግማለች ብሎ ነበርና ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሰላም አጣ። ልጅቷ ሒሳብ ባለ ቀን ሁሉ ሆዷን ያማታል።

ከሰዓት በኋላ ማያ ከኦቶካሩ፣ ከትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ማለቴ ነው፣ ወርዳ የፎቁን ደረጃ ሁሉ ወጥታ ትመጣና እኔ የወይን ቅጠል ከምጠቀልልበት ጠረጴዛ ማዶ ትቀመጣለች። ወቅቱ የጃናሬክ ነበር፤ ያችን አረንጓዴ ኮምጣጣ ፕሪም ጨው እያስነካን እንቆረጥማለን። ዓይኔ ከደብተሯ አይነሳም። ሒሳቡ በፈረንሳይኛ ነው፤ ሲያካፍሉ ደግሞ እኛ በግራ የምናስቀምጠውን አካፋይ እነሱ በቀኝ ያስቀምጡታል። መልሱ ግን ያው ነው። እንዴት እንደሚሆን እያየሁ ስገረም የምሞላው ሩዝ ከቅጠሉ ይፈስሳል።

አንድ ቀን ማያ አንድ ጥያቄ አስቸገራት። 1,500 ኪሎ ሩዝ ለስድስት ሳህን እኩል ይካፈላል፤ ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል? እኔ አላመነታሁም። አንድ ሺህ አምስት መቶ ለስድስት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። ማያ በመሃል ያለችውን ኮማ በእርሳሷ እያሳየች ይህቺ ቪርጉል ናት፣ መምህሯ ስለሷ ብዙ ይናገራል አለችኝ። ሺውን ለመለየት ብቻ ናት፣ ዝም ብለሽ እለፊያት አልኳት። አገሬ ኮማ ሌላ ሥራ የላትም፤ ግማሽና ሩብ የሚጻፈው በነጥብ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ያፈሰስኩት በሰው ልጅ ደብተር ላይ ነበር።

በሳምንቱ ማያ ፈተናዋን ይዛ መጣች፤ አራት ከሃያ። ኮማ ያለበትን ሁሉ ዝም ብላ አልፋዋለች። መምህሩ ከአንዱ መልስ አጠገብ በቀይ፣ በየሳህኑ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሩዝ የሚበላው ማነው ብሎ ጽፎባታል። ማዳሜ ጮኸች፣ ማያ አለቀሰች። ማን እንዳስተማራት ግን አልተናገረችም።

እኔም አልገባኝም ነበር፤ መምህሩ ተሳስቷል ብዬ ነው ያሰብኩት። በማግስቱ ጠዋት ለማያ ሳንድዊች ልሠራ አይብ ሳወጣ ግን ላዩ ላይ የተለጠፈውን የሚዛን ወረቀት አነበብኩት። 0,450 ኪሎ ይላል። ዜሮ ሺህ አራት መቶ ሃምሳ የሚባል ቁጥር የለም። አይቡን በእጄ መዘንኩት፤ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ለካ እዚህ ኮማዋ የእኛ ነጥብ ናት፤ የማያም ሩዝ አንድ ኪሎ ተኩል ብቻ ነበር። እዚያው ማቀዝቀዣው ፊት ቆሜ አፈርኩ፤ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ከተናገርኩ ደግሞ ማዳሜ ወደ መክተብ፣ ወደ አስቀጣሪዎቼ ቢሮ፣ ልትመልሰኝ ትችላለች። ግን ያቺ ልጅ ለእኔ ብላ ስድብ ጠጥታለች። ማዳሜ ስትገባ አይቡን ይዤ ጠበቅኋት።

"ማዳም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያኒ፣ ማለቴ፣ ኮማዋን ዝለያት ያልኳት እኔ ነኝ።"

ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። ሥራሽ አይደለም ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እናንተ አገር ኮማ ምንድን ነው?" አለች።

ነገርኳት። ሳቋ መጣ፤ ቀጥሎ እሷም በልጅነቷ ቪርጉልን ስትፈራ እንደኖረች፣ ሒሳብ ስታይ አሁንም እጇ እንደሚቀዘቅዝ ለእኔና ማዶ ለተቀመጠችው ለማያ ነገረችን። ማያ እናቷን አፍጥጣ አየቻት።

"ታዲያ ለምን ትጮኺብኛለሽ?"

"ምን እንደምጠይቅሽ ስለማላውቅ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህራችን ማያ ሆነች። ማዳሜ ሱቁን ቀደም ብላ ዘግታ ትመጣና ሦስታችን ጃናሬኩን ከበን እንቀመጣለን። ስንት አመጣሽ ማለት ቀረ፤ የሚፈቀደው "እንዴት አወቅሽ?" ብቻ ነው። የእኔ ጥያቄ ማለቂያ አልነበረውም፤ ማያ አንዳንዴ "ኸላስ፣ በቃ ዘሀራ" እስክትል ድረስ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ሲባል ጠያቂውን ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ሊቅ የሆነችው ግን ተጠያቂዋ ናት። በዓመቱ መጨረሻ አሥራ አንድ ከሃያ አምጥታ አለፈች። አሥራ አንድ ብዙ አይደለም። እኛ ግን ያን ቀን ኬክ ቆረስን።

ባለፈው እሑድም ሰላምን ጠራኋትና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ፊቷ ተለወጠ።

"ይሄን አላውቀውም፤ አስተምሪኝ" አልኳት።

"እማ፣ አንቺ እኮ ከክፍል አንደኛ ነበርሽ።"

ልቤን ወጋኝ። ወረቀቱን ትራሱ ሥር የከተተው የእኔው ጉራ ነው። አንደኛ መውጣቴን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰምታለች፤ የሩዙን ታሪክ ግን አንድም ቀን አልነገርኳት። ያን ጊዜ ነገርኳት። ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎው ላይ ስደርስ እስክትንፈራፈር ሳቀች፤ ከዚያ እርሳሷን አነሳች።

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ ሦስት እኩል ከረጢትና አምስት ኪሎ አንድ ላይ ሃያ ኪሎ ይመዝናሉ፤ አንዱ ከረጢት ስንት ነው? ስሕተቷን ገና ስትጀምር አይቼዋለሁ። ምላሴን ነከስኩ፤ ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነበር። እንዴት አወቅሽ ብቻ አልኳት። እያስረዳችኝ ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ።

"ቆይ፣ እማ" አለች። "አምስቱን መቀነስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ደመርኩት።"

ቀና ብላ ሳታየኝ መስመሩን ሰርዛ እንደገና መጻፍ ጀመረች።