አስቀድሞ የተጠየቀ ይቅርታ

ጡረታ የወጣው የሲኒማ ኦፕሬተር ዕድሜውን የኖረው ከአንዲት ሴትና ከአንድ ፊልም ጋር ነው። ሰፈርተኛው በፊልሙ ጥቅል ስም «ጥቅሉ» ይለዋል፤ ሲያንሰው ነው። ፊልሙ የከተማ ዳር ባልና ሚስት ኮሜዲ ነው፤ ባልየው ቤቴን ራሴ እጠግናለሁ ብሎ ጣሪያውን ያፈርሳል፣ ሚስቱ ታኮርፋለች፣ እሱም ይቅርታ ይለምናል። በዘመኑ ማንም አልሳቀበትም፤ ጭራሽ ሰው አዳራሹን ጥሎ ወጣ። ባለሲኒማው ሊጥለው ሲል ጥቅሉ ተሸክሞት መጣና አልጋው ስር ከተተው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷም መቀስ ነው። ፊልሙን ጣለው እያለች ስትነዘንዘው ኖራ ዘንድሮ ቆረጠች። ሲኒማ ቤቱ ለሰፈሩ ሰው የድሮ ፊልም ሊያሳይ ነው ሲባል፣ «ይታይልህ። ሰው ከሳቀ ይቀመጣል፤ ካልሳቀ ቆሻሻ ገንዳ ይገባል» አለችው። ጥቅሉ በልጆቹ ማለ። መማሉንስ ማለ፤ እንቅልፍ ግን ራቀው።

በዕለቱ ጠዋት አንጀቷ አልችል አለ። እንደዚህ ቆሽሸው ሰው ፊት አይቀርቡም ብላ የፊልሙ ጥቅሎች ያሉባቸውን ቆርቆሮዎች ወለወለች፤ የተለጠፈባቸውን አሮጌ ወረቀትም ልጣ ጣለች። ተራቸው የተጻፈው ለካ እዚያ ላይ ነበር። እሱም በጥድፊያ እሷ እንደደረደረቻቸው አቅፎ ሮጠና ለአዲሱ ኦፕሬተር አስረከበ።

አዳራሹ ሞላ። የመጀመሪያው ጥቅል አለቀ፤ ጥርሱን ያሳየ የለም። ቀጥሎ ባልየው አበባ ይዞ ሚስቱ እግር ስር ወደቀ። ጥቅሉ ክው አለ። ጣሪያው እኮ ገና አልፈረሰም! ሊያስቆም ተነሳ።

ፊልሙ ላይ ያለችው ሚስት አቅፋ ማረችው። ወዲያው ባልየው መዶሻውን ይዞ፣ እያፏጨ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ።

«አስቀድሞ ይቅርታ ጠይቆ ሊያጠፋ! አይ ወንድ!» አንዲት ሴት በሳቅ ፈነዳች። የጥቅሉ የገዛ ሚስት ናት። ሸሚዙን ጨምድዳ ጎተተችው። «ተቀመጥ አንተ ሰውዬ! እንዳትነካው!»

አዳራሹ ከእሷ ተቀብሎ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። ሚስቶች ባሎቻቸውን በክርን ይጎሽማሉ፤ ባሎች እያፈሩ ይስቃሉ። ጥቅሉ እንባው መጣ። አሸነፈ! ያ ሁሉ ሰው የናቀው ፊልም አሸነፈ!

ቤት ሲገቡ ቆርቆሮዎቹን ይዞ ወደ አልጋው ስር ሲያጎነብስ፣ «እዚያ አይገቡም» አለችው። ቆሻሻ ገንዳ ሊገቡ መሰለው።

እሷ ግን የክት ልብሷን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ቦታ ለቀቀችላቸው። «አልጋ ስር አቧራ ይጨርሳቸዋል። ተራቸውንም እንዳትለውጥ፤ እኔ እንደደረደርኩት ይሁን።»

«ይቅርታ» አላት።

«የምኑ?»

«የነገው።»