አስፋልት ላይ የተሰጣ ቡና

ትራፊክ ፖሊስ ነኝ። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ አደጋ ሲደርስ ሜትር ይዤ የምሄደው፣ የአደጋውን ቦታ ለክቼ ፕላን የማነሳው እኔ ነኝ። ቡና በሚለቀምበት ወራት አደጋው ይበዛል። በየስብሰባው «ፍጥነት ነው፣ የሹፌር ጥጋብ ነው» እንባባላለን። እውነት ነው፣ ይበራሉ። ግን ገበሬው የአስፋልቱን ግማሽ ለቡና ማስጫ እንደሚወስድ፣ መኪና እንዳይረግጥበትም ዳር ዳሩን ድንጋይ እንደሚደረድር ማናችንም አፋችንን ሞልተን አንናገርም። ቡናው የማን ሆነና! የአባቶቻችን ነው።

የእኔም አባት ቤት እዚያው መንገድ ዳር፣ ኩርባው ጋ ነው። ግቢው ጭቃ ስለሆነ ቡናው ይሻግትበታል፤ አስፋልቱ ግን ቶሎ ያደርቅለታል። «አባዬ፣ ኧረ አንሳው» ስለው ይስቅብኛል። «በይ እንግዲህ፣ ለቡናዬም ክስ ጻፊለታ!» እኔም ስቄ አልፋለሁ። ያን ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ድንጋዮቹን አይቻቸዋለሁ። ቸኩዬ ነበር፤ እጄን አውለብልቤለት አለፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ተደወለልን። እዚያው ኩርባ ላይ ባጃጅና አይሱዙ ፊት ለፊት ተጋጭተዋል። ከባልደረባዬ ጋር ስንደርስ የባጃጁ ተሳፋሪ፣ አንዲት ሴትዮ፣ ሞታ በገዛ ነጠላዋ ተሸፍናለች። የባጃጁ ሹፌር የተሰበረ ክንዱን አቅፎ «ድንጋይ ስሸሽ ነው! በእግዚአብሔር፣ ድንጋይ ነበረ!» ይላል። አስፋልቱ ላይ ግን ድንጋይ የለም፤ ቡናም የለም። ስንጥቁ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ቀርቷል።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚሉት፤ ፍጥነት ብለሽ ጻፊው» አለኝ ባልደረባዬ።

ወደ አባቴ ግቢ ገባሁ። አባቴ ቡናውን በማዳበሪያ እየከተተ ነው።

«አባዬ፣ ድንጋዮቹስ?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ እስር ቤት አልችልም» አለኝ። አባቴ በሕይወቴ ለምኖኝ አያውቅም። ንዴቴ መጣ፤ የበገንኩት ግን በራሴ ነው። ጠዋት ሁለት ደቂቃ ቆሜ፣ ተቆጥቼም ቢሆን ባስነሳው ኖሮ ሴትዮዋ ቤቷ ትገባ ነበር። ይሄ የባጃጅ ሹፌር ደግሞ አሁን ያለጥፋቱ ሊታሰር ነው።

ተመልሼ ሜትሩንና ቅጹን ለባልደረባዬ ሰጠሁት።

«ፕላኑን አንተ አንሳ። እኔ ምስክር ነኝ። ድንጋይ ነበረ፤ ጠዋት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ምን ነካሽ? አባትሽ እኮ ናቸው!» አለኝ በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ።»

ቃሌን መዘገበ። ድንጋዩን ማን እንዳስቀመጠ ጠየቀኝ፤ የአባቴን ሙሉ ስም ነገርኩት። ከዚያ እንድፈርም ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። የምስክር ስም በሚለው ቦታ ላይ ስሜን ጻፍኩ። የአባት ስም መጨመር ነበረብኝ፤ ጨመርኩት።