መጀመሪያ መብራቱን አጥፊ

አያ እያልሁ የምጠራቸውን አጎቴን አፈር ካለበስናቸው አርባ ቀን ሞላ። ሙያውን የተማሩት በጣሊያን ጊዜ የፒያሳን የመብራት ሽቦ ሲዘረጉ ነው፤ በስተርጅናቸው እኔ በነርስነት የምሠራበት ሆስፒታል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኑ።

የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚጽፈው ማሽን የመጣልን ጊዜ በጣም ፈራሁት። መስመሩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር በሽተኛው የሚሞት እየመሰለኝ እጮኻለሁ። አያ ቀስ ብለው ይመጡና «ምነው ልጄ! መጀመሪያ መብራቱን አጥፊ። ማሽኑ የአምፑሉንም ኤሌክትሪክ ከልቡ ጋር አብሮ ይጽፈዋል» ይሉኛል። ሳጠፋው መስመሩ ይጠራል። «ሸጋ! የተንቀጠቀጠው ያንቺ አምፑል ነው፤ ልቡስ ደህና ነው» ብለው ይስቃሉ።

በፍልሰታ ጾም ደረታቸውን ይዘው እሳቸው አልጋው ላይ ወጡ። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። ሳይነግሩኝ ሮጬ መብራቱን አጠፋሁ፤ ያው ነው። የመድኃኒት ማቀዝቀዣውን ሶኬት ነቀልሁ፤ ያው ነው። የሚጠፋ ነገር ፍለጋ ወጥቼ የኮሪደሩን መብራት፣ የጎረቤት ክፍሉን ሳይቀር አጠፋሁ። ስመለስ አያ ወረቀቱን ይዘው እያዩት ነበር።

«በቃ ተይው፣ ልጄ» አሉኝ። «የቀረው የኔ ነው።»

የመብራቱ ማጥፊያ ሥር አያ ይቀመጡባት የነበረችው በርጩማ ዛሬም እዚያው አለች፤ የሚቀመጥባት ግን የለም። በሽተኛ በተኛ ቁጥር መብራቱን አጠፋለሁ። ካጠፋሁ በኋላ ዞሬ ወረቀቱን ማየት እፈራለሁ።