ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል ያገሬ ሰው። መቼ እንደሚቀዳ ግን አልነገረንም! ካርቱም፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር፣ የዓባይን ውሃ አጣርቶ ለሰፈር በሚያከፋፍል ትንሽ ጣቢያ መርማሪ ነበርኩ። ናሙና የምንቀዳው ጠዋት ጠዋት አንዴ ነው፤ ዓርብ ዕረፍት ስለሆነ የለም። ውሃው ውስጥ የሚጨመረው የክሎሪን መጠን የሚወሰነውም በዚያችው ናሙና ነው። አለቃዬን፣ «ሙዲር፣ በክረምት እንኳ ከሰዓት እንድገም» ስላቸው፣ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ወንዙ የት ይሄዳል?» ይሉኛል። ወንዝ ከመሄድ ሌላ ምን ሥራ አለው!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሀፍላው አውቶቡስ ወርጄ ወንዙን ሳየው ሮጥኩና በብርጭቆ ቀዳሁ። ቀይ ጭቃ ሆኗል። ዘበኛው፣ «ሐሙስ፣ እናንተ እንደወጣችሁ ነው የመጣው» አለኝ። ሐሙስ ጠዋት የቀዳሁት ጥርት ያለ ነበር። ያ ረቢ! ሁለት ቀን ለጥሩ ውሃ በሚበቃ ክሎሪን ይህን ሁሉ ጉድ ለሰው ስናጠጣ ከርመናል። ልጄም የምትጠጣው ከዚያው ቧንቧ ነው። ገና ዓመት አልሞላትም።

«የሐሙሱ ውጤት ንጹሕ ነው እኮ» አሉ ሙዲር።

«ሐሙስማ ንጹሕ ነበር!» ጮኽኩባቸው። የቀዳሁትን ብርጭቆ አፍንጫቸው ሥር ስደቅነው ቀለማቸው ተለወጠ። ራሳቸው ሮጠው መስመሩን ዘጉ። እኔም ወደ ቤት በረርኩ።

ልጄን የምትይዝልኝ የወሎ ልጅ፣ ጎረቤቴ፣ ጡጦ እያጠባቻት ደረስኩ። ጡጦውን ነጠቅኳት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ውሃው ዚር ውስጥ አድሮ ጠርቷል!» አለች፣ የሸክላውን ጋን እያሳየችኝ።

ጭቃው ይዘቅጣል፤ በሽታው መች ይዘቅጣል! የልጄን ግንባር ነካሁ፤ ቀዝቃዛ ነው። አላመንኩም። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ነካሁ። መቀመጥ አቃተኝ።

«በአላህ፣ አሁን ነካሻት እኮ! ትተኛበት» አለች ጎረቤቴ።

«ያ ያኔ ነው!» አልኳት።

ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ስነካት ዋልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጄ በትኩሳት ነደደች። ወዲያው አስታወከች፤ ተቅማጡም ውሃ ብቻ ሆነ። ታቅፌያት ወደ ሐኪም ቤት ሮጥኩ።

ሐኪሙ ጉሉኮስ ሰካላትና፣ «መቼ ጀመራት?» አለኝ።

«አሁን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ።»

«አልሐምዱሊላህ፣ በጊዜ አመጣሻት። ትተርፋለች።»

ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው። አጠገባችን አንዲት ሱዳናዊት እናት ፊቱ ድረስ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ልጇን ታቅፋ ትወዛወዛለች። «ትናንት ማታ ሳየው ደህና ነበር» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን። «ማታ ደህና ነበር እኮ።» የኛው ሰፈር ሰው ነበረች።