ያልታደሰው ፋይል

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተራራው በኩል የእርጥብ አፈር ሽታ ይዞ መጣ። ድሬ ላይ ጠብታ የለም፤ ፀሐይዋ አስፋልቱን ታቀልጣለች። እኔ ግን ያ ሽታ ሲመጣ የያዝኩት ሥራ ከእጄ ይወድቃል።

ከኮሌጅ እንደወጣሁ የተቀጠርኩባት ቢሮ ጠባብና ሞቃት ነበረች። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ የመጋላ ሰፈር ልጅ ነበር። እናቱን ሆዮ ነው የሚላት፤ ቤቷ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነበር። የምንሠራው ፕሮግራም ደጋው ላይ ከባድ ዝናብ ሲጥል በወንዙ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች የስልክ መልእክት ይልካል።

የሰፈሮቹ ስም የሚጻፈው ሰንጠረዥ ላይ ነው። ከሰንጠረዡ ደግሞ አንድ የኮድ ፋይል በራሱ ይወጣል፤ ዋናው ፕሮግራም የሚያውቀው ያንን ፋይል ብቻ ነው። ጓደኛዬ የእናቱን ሰፈር ሰንጠረዡ ላይ ጨመረና ፕሮግራሙን እንደገና ገነባው። ያለ አንዳች ስህተት አለቀ።

«በቃ፣ ሆዮ ልቧ ያርፋል» አለኝ፤ ፊቱ በርቶ ነበር።

ደራሽ ጎርፉ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። በሌሎቹ ሰፈሮች ስልኮች ጮኹ፤ ሰው ልጁን አቅፎ ወጣ። ሆዮ ሰፈር ግን መልእክት አልደረሰም። ውሃ የገፋው የጭቃ ግድግዳ እላይዋ ላይ ወደቀ። ስልኳ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ሳይረጥብ ተገኘ።

ከሐዘኑ የተመለሰ ዕለት ምክንያቱን ራሱ አገኘው። ከእኛ በፊት የነበሩት ሠራተኞች የፕሮግራሙን ግንባታ ትእዛዝ ሲጽፉ፣ ሰንጠረዡ ከተለወጠ ፋይሉም እንደ አዲስ ይውጣ የሚል አላስገቡበትም። ማሽኑ አሮጌው ፋይል መኖሩን አይቶ ዝም ብሎ አልፏል። ጓደኛዬ የጎደለውን መስመር ጻፈ፣ ገነባው፣ ከዚያም ወደ እናቱ ሰፈር የሙከራ መልእክት ላከ።

ኪሱ ውስጥ የእናቱ ስልክ ጮኸ።

አውጥቶ ስክሪኑን አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዘረጋውና እንዳነብለት ጠየቀኝ። ውሃ እየመጣ ነው፣ አሁኑኑ ከቤት ይውጡ ይላል። አነበብኩለት።

«ወላሂ፣ አንድ መስመር ናት» አለ። ድምፁ ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር።

ወደ ቢሮው አልተመለሰም። አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው እሱ መሆኑን ሳላውቅ አስቁሜው ተሳፈርኩ፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ አወራን። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስንደርስ ዝም አለና ፍጥነት ጨመረ። ከተሻገርን በኋላ ወሬውን ካቆመበት ቀጠለ፤ እኔም ስለ ሙቀቱ መለስኩለት።