ባንድ ዓይን የተሳለው ሹም

ዘገዬ ናዝሬት ውስጥ የቡና ቤት ታፔላና የጭነት መኪና ጎን ሲቀባ ነው ዕድሜው የሄደው። ሥዕል የተማረው ግን ቤተ ክርስቲያን ከሚስሉት አባቱ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ታፔላው ቀረና ሥራው ሁሉ የቀበሌ መፈክር ሆነ።

በዚያ ጥር ግን ደስታው ሌላ ነበር። ልጁ ወርቅውሃ በሦስት ዓመቷ በኩፍኝ ልትሞትበት ስትል፣ «ቂርቆስ፣ አንተም በሦስት ዓመትህ ነው እሳት ፊት የቆምከው፤ ይህችን ካተረፍክልኝ ሥዕልህን አስገባለሁ» ብሎ ተስሎ ነበር። ልጅቷ ድና ግቢውን ታምሳለች። ነገ የቂርቆስ በዓል ነው፣ ሥዕሉም ሊያልቅ ነው። ሥዕሉ ላይ የብረቱ ጋን ይንተከተካል። የቂርቆስ እናት ኢየሉጣ የውሃውን ድምፅ ሰምታ ደንግጣለች፤ ሕፃኑ እጇን ይዞ «አይዞሽ እናቴ» ይላታል። ሊያስገድላቸው የተነሣው ሹም እለእስክንድሮስ ከዳር ቆሟል።

በሩ ተበረገደ። የቀበሌው ሊቀመንበር ገመዳ ነበር።

«አካም፣ ዘገዬ! የሰልፉ ጨርቅ ደረሰ?»

«ደርሷል ጓድ ሊቀመንበር፤ ያውና ግድግዳው ላይ።»

ገመዳ ግን ቂርቆስ ፊት ቆመ። ይወርስብኝ ይሆን? ብሎ ዘገዬ ወደ ሥዕሉ ጠጋ አለ።

«ይሄ ሹም ምነው አንድ ዓይን ብቻ? ረሳኸው እንዴ?»

«ኧረ አልረሳሁም! ክፉ ሰው በጎኑ ነው የሚሳለው፣ ባንድ ዓይን። ጻድቅ ነው ፊቱ ሙሉ...»

ገመዳ ወደ ግድግዳው ዞሯል። ጨርቁ ላይ ላብ አደሩ፣ ገበሬውና ወታደሩ ወደፊት እያዩ ይራመዳሉ። ሁሉም በጎናቸው፣ ሁሉም ባንድ ዓይን!

«ዘገዬ!»

«እርስዎ ባመጡልኝ ናሙና ነው ጓድ! እንደ ናሙናው!»

ገመዳ አንገቱን አከከ። «እናቴ ሰልፉን ልታይ ትወጣለች። አንተ የነገርከኝን እሷ ሳታውቀው ትቀራለች? ጉድ አረግከኝ እኮ!»

«ምን ላድርግ?»

«አዙራቸው! ፊታቸውን አዙርልኝ፤ ጨርቅ እልክልሃለሁ።» ከበሩ ላይ ሆኖ በጣቱ ሹሙን አሳየ። «እሱን ግን እንዳትነካው።»

በማግስቱ ዘገዬ ወርቅውሃን አንገቱ ላይ፣ ሥዕሉን ደረቱ ላይ አድርጎ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። ሴቶቹ ሊሳለሙ ተሻሙበት።

«እባካችሁ እናቶቼ፣ ቀለሙ አልደረቀም!»

ማን ሰምቶት! ከፊት የነበሩት እናት የቂርቆስን ቀሚስ ስመው ቀና ሲሉ ከንፈራቸው ቀይ ሆኖ ነበር፤ እሳቸው እቴ፣ እልልታቸውን ቀጠሉ።