ከማጥፋትዎ በፊት

ሄልካ ራውቲዮ ስትደሰት ጠረጴዛ ትመታለች። ስትናደድም ትመታለች፤ የሁለቱን ልዩነት የሚያውቀው ጎኗ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው እኔ ነኝ። በፊንላንዷ ቱርኩ ከተማ ወንዙ ዳር ባለው ቢሯችን ቡናዬን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ከተውኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በእጄ ይዤው እውላለሁ። እሷ የምትጽፈውን ፕሮግራም መፈተሽ የእኔ ሥራ ነው። እሷ ትሠራለች፣ እኔ እሰብራለሁ፣ ከዚያ እንሰዳደባለን። ከዚህ የተሻለ ሥራ ያለው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

ድርጅታችን ደሴቶችን በራዲዮ ሞገድ ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኝ ግራጫ ሣጥን ይሠራል። ሣጥኑ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተርና አንድ የራዲዮ ካርድ አለ፤ ሁለቱ በቀጥታ አይግባቡም። መሃላቸው ቆሞ የሚያግባባቸው ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ የሙያው ሰዎች ድራይቨር ይሉታል። እሱን የምትጽፈው ሄልካ ናት። ማንም አያየውም፣ ማንም አያመሰግናትም፣ ሲበላሽ ግን አገር ምድሩ ስሟን ያነሣል።

የተወለደችው ካይኑ በሚባል አውራጃ፣ ጫካ ውስጥ ነው። አባቷ የሠፈሩን የእንጨት መቁረጫ ሞተር ሁሉ ይጠግን ነበር። እንደ እሷ አባባል ሰውዬው ዕድሜ ልኩን የተጣላው ከአንድ ዓይነት ደንበኛ ጋር ብቻ ነው፦ የተበላሸ ሞተሩን አጥቦና ወልውሎ ከሚያመጣ። የእኛ ሰው ደግሞ እንዲያ ነው፤ ቆሻሻ ዕቃ ይዞ ሰው ደጅ መቆም ያሳፍረዋል። "ዘይቱ የት እንደፈሰሰ እንዳላይ አጠብከው እኮ!" እያለ ሲጮህ ሐይቁ ማዶ ይሰማል አሉ። ሄልካ ጩኸቱን ወርሳለች። ልጇን ብቻዋን አሳድጋለች፣ በምሳ ሰዓት በረዶ ሰብራ ትዋኛለች፣ ከዚያ ጸጉሯ እየተንጠባጠበ መጥታ እኔን ትሰድባለች።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ቨርነር ለመናገር ነው። ቨርነር ሎምሼር በምትባል ደሴት ብቻውን የሚኖር የሰማንያ ስንት ዓመት ሰው ነው። በጉልምስናው ትልልቅ መርከቦችን በደሴቶቹ መካከል እየመራ ወደብ ያደርስ ነበር። አሁን እጁ ላይ የድረሱልኝ አምባር አለ፤ ሲወድቅ ወይም ሲያመው ይጫነዋል፣ ጥሪው በእኛ ሣጥን በኩል አልፎ የማዘጋጃ ቤቱ ነርስ ዘንድ ይደርሳል። መስመሩ ግን አንዳንዴ ዝም ይል ጀመር። ማዘጋጃ ቤቱም ቁርጡን ነገረው፦ መስመሩ ሰኔ ውስጥ እሳት ተለኩሶ እስከሚከበረው የዩሃኑስ በዓል ካልታመነ፣ ቤቱን ዘግቶ ዋናው ምድር ወዳለው የአረጋውያን መጦሪያ ይገባል። ከመስኮቱ ባሕር የማይታይበት ክፍል ነው የተሰጠው። ቨርነር ክፍሉን አይቶ ሲመለስ ለሁለት ቀን ለማንም ስልክ አላነሣም።

ይህ ሰው ታዲያ ምን ብሎ ይጽፍልናል? "እንደምን ከረማችሁ። ትናንት መስመሩ ጥቂት ዝም ብሎ ነበር። አጥፍቼ አበራሁት፣ አቧራውንም ጠረግሁለት። አሁን ደህና ነው። ስላስቸገርኩ ይቅርታ።"

ሄልካ ጠረጴዛውን መታች። ይሄኛው የንዴት ነበር።

"አጥቦ አመጣው! ኦስሞ፣ ይኸው አጥቦ አመጣው!"

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርዱ ጨርሶ ሲሞት ድራይቨሩ ያውቃል፤ ወዲያው የካርዱን የውስጥ ትዝታ፣ ማለትም በዚያች ደቂቃ የያዘውን መረጃ ሁሉ፣ እንዳለ ዘርግፎ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፣ እኛም ያንን አይተን ምን እንደገደለው እናውቃለን። የቨርነር ካርድ ግን አልሞተም። ዝም ነው ያለው። ድራይቨሩ ሲጠይቀው "ደህና ነኝ" ይላል። ደህና ነኝ ያለውን ማን ይመረምረዋል? የታመመ መሆኑን የሚያውቀው አጠገቡ ያለው ቨርነር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አጥፍቶ ያበራዋል፤ ሲጠፋ ትዝታው ሁሉ ብን ይላል።

"ትእዛዙን ለሰውዬው ልሰጠው ነው" አለች ሄልካ። ዓይኗ ማብረቅ ጀመረ። "ካርዱ እስኪሞት ለምን እንጠብቃለን? ቨርነር ራሱ 'ዘርግፍ' ይበለው! በል ቡናህን ያዝ!"

ያዝኩ። ይሄኛው የደስታ ነበር።

መጻፉ ቀላል ሆነ፤ ማስፈቀዱ ነው ፈተናው። ድራይቨራችን ሊነክስ የተባለው ለሁሉም ክፍት የሆነ የጋራ ፕሮግራም አካል ስለሆነ ለውጥ ሁሉ በአደባባይ፣ ዓለም በሚያነበው ኢሜይል ይመረመራል። በዚያ በኩል የሚፈቅደው ዲርክ የሚባል ሆላንዳዊ ነው። ዲርክ ጨዋ ሰው ነው ይላሉ። እንግዲህ በአካል ሲያገኙት ይሆናል።

"ስማ ምን እንደሚለኝ!" ብላ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። "'ካርዱ ሲሞት በራሱ ይዘረግፋል፤ ይበቃል። ለማንም ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ መስጠት ለሕፃን መዶሻ መስጠት ነው። ደጋግሞ ቢጫነውስ? በዚያ ትዝታ ውስጥ የሌላ ሰው ምሥጢር ቢኖርስ? ለመሆኑ ይሄ ተጠቃሚ የምትይው ሰው ማን ነው?' አየህልኝ? ለሕፃን መዶሻ!"

"እውነቱን ነው" አልኳት። "እኔ ራሴ መቶ ጊዜ ደጋግሜ ተጭኜ ካርዱን አስቁሜዋለሁ።"

"አንተ ደግሞ ከማን ጋር ነህ?"

"ከሚሰብረው ጋር።"

ስትሰድበኝ ዋለች፤ ግን አስተካከለችው። የሣጥኑ ባለቤት ብቻ እንዲያዘው፣ የፊተኛው ዝርግፍ ተነቦ ሳይነሣ ሁለተኛውን እንዳይቀበል አደረገች። ላከች። ዲርክ መለሰው። አስተካክላ ላከች። እንደገና መለሰው፤ በዚህኛው የሰረዘው በፕሮግራሙ ውስጥ ለአንድ ቁጥር ያወጣችውን መጠሪያ ነበር፣ አላማረውም። በመጨረሻ በረዶው በወንዙ ላይ መሰነጣጠቅ ሲጀምር፣ ሄልካ ጸጉሯ እንደረጠበ ተቀመጠችና ለጥያቄው መልስ ጻፈች፦ "ተጠቃሚው ቨርነር ነው። ብቻውን ይኖራል። ካርዱ ዝም ሲል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ማወቁን የሚናገርበት መንገድ ግን አልሰጠነውም። በዩሃኑስ ቤቱን ሊለቅ ነው።"

መልሱ ምሳ ሳንበላ መጣ። "ይሄንን መጀመሪያ ለምን አልጻፍሽውም? የሰውዬውን ስም ከመግለጫው አውጪው፤ ቀሪውን ተቀብያለሁ። ሰላም በይልኝ።"

የዚያን ቀን ያልተደፋ ኩባያ በቢሮው አልነበረም።

አዲሱ ፕሮግራም ወደ ሎምሼር ተላከ። ሣጥኑ ጀርባ ላይ ሥራ ፈትቶ የቆየ አንድ ቁልፍ ነበር፤ ከትእዛዙ ጋር አገናኘነው። የተዘረገፈውን የሚቀበል ፍላሽ ሰካንበት፣ ከቁልፉ በላይ ደግሞ ሄልካ በገዛ እጇ "ከማጥፋትዎ በፊት ይጫኑኝ" ብላ ጽፋ ለጠፈችበት። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። እኔ መጠበቅ አልችልበትም፤ እሷ ከእኔ ትብሳለች። ኢሜይሏን በየደቂቃው ከፍታ ስታይ ወንበሯ ሲጢጥ እያለ አሳበደኝ።

መጣ። "እንደምን ከረማችሁ። ቅዳሜ መስመሩ ዝም ብሎ ነበር። ቁልፉን ልጫን ብዬ እጄን ሰድጄ ነበር፤ ግን ቅዳሜ ማታ ሰው ሳውና ውስጥ ነው፣ ማን ያስነሣል ብዬ ተውኩት። አጥፍቼ አበራሁት። አሁን ደህና ነው።"

ሄልካ አልመታችም። ኮቷን አነሣች። "ተነሥ፣ ጀልባው ያመልጠናል።"

ወደ ደሴቱ በሚያመላልሰው ቢጫ ጀልባ ላይ ሆነን እስክንደርስ ስትነጫነጭ፣ እኔ ደግሞ ሳቄን ስውጥ ነበር። ቨርነር ወደቡ ላይ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ጠበቀን። ኩሽናው ውስጥ ጥቁሩን የደሴት ዳቦ ከነዓሣው አቀረበልን፤ ሣጥኑ መስኮቱ ሥር ተወልውሎ ያበራል።

"ቁልፉ ማንንም አይጠራም እኮ!" አለችው ሄልካ። "ከሳውና የሚነሣ ሰው የለም። ያየውን ብቻ ነው የሚያስቀምጥልዎ።"

"አውቃለሁ። ግን ያው አንቺ ታነቢው የለ? ሥራ ይበዛብሻል።"

"ሥራዬ እኮ ነው! ቨርነር፣ ልጠይቅዎት። መርከብ አለት ላይ ሲወጣ፣ መርማሪ እስኪመጣ መርከቡን ታጥቡ ነበር?"

ሽማግሌው ዳቦውን አስቀመጠ። "ምን ማለትሽ ነው! ማን ይነካል? መሪው በዞረበት ይቆማል፣ ካርታው በተዘረጋበት ይቆያል። ሲኒ እንኳ አይነሣም። አንድ ነገር የነካ ሰው ሁለተኛ መርከብ ላይ አይወጣም!"

"እህ?"

ሣጥኑን አየ። እኛን አየን። ከዚያ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረ።

"እኔ ታዲያ ስወለውለው ኖሬያለሁ" አለ።

ግንቦት ውስጥ፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ የቢሯችን በር ተንኳኳ። ቨርነር ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ክራቫት አስሯል። መስመሩ ዝም ስላለ መላክ አልቻለም፣ ስለዚህ ይዞት መጣ። በጀልባና በአውቶቡስ። ከደረት ኪሱ በብረት የተተኮሰ መሀረብ አወጣ፤ መሀረቡ ውስጥ ፍላሹ አለ።

"ቁልፉን ተጫንኩ፣ ይሄን ነቀልኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። አቧራውም እንዳለ ነው" አለ፣ አቧራውን ሲጠራ ፊቱ እየተጨማደደ።

ሄልካ ፍላሹን ሰካች። ስክሪኑ በቁጥር ተሞላ፤ ለሌላው ሰው ትርጉም የሌለው ቁጥር፣ ለእሷ ግን ካርዱ በዚያች ደቂቃ ሲያስብ የነበረው በሙሉ። ቨርነር ከኋላዋ እጁን አጣምሮ ቆመ። እሷ ታነባለች፣ ታጉረመርማለች፣ ትመለሳለች።

"አልታመመም" አለች። "ተኝቷል! ኃይል ለመቆጠብ ተኝቶ፣ የሚቀሰቅሰውን እየጠበቀ ነው። ማን ነበር የሚቀሰቅሰው?" የድራይቨሩን ጽሑፍ ከፈተች፤ ጣቷ መስመር በመስመር ወረደና ቆመ። ድራይቨሩ ቀስቅሻለሁ ብሎ መዝግቧል፤ ግን አልቀሰቀሰም። ያንን መስመር የጻፈው ሰው ስም ከጎኑ አለ።

"የኔ ነው!" ብላ ጮኸች። "ጥፋቱ የኔ ነው! የኔ! ኦስሞ፣ እኔ ነኝ!" ጠረጴዛውን በሁለት እጇ መታችው፤ በእጄ የያዝኩት ቡና ሳይቀር ሱሪዬ ላይ ተደፋ።

ቨርነር ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "ጥፋቱ የሷ ከሆነ ምኑ ነው የሚያስደስታት?" አለኝ።

"የሌላ ሰው ቢሆን ስንት ስብሰባ ነበረብን" አልኩት። "የሷ ከሆነ ግን ከምሳ በፊት ይስተካከላል።"

ከምሳ በፊት ተስተካከለ። እኔ ልሰብረው ሳምንቱን ሙሉ ሞከርኩ፣ አልተሰበረልኝም፤ በሽንፈቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። በዩሃኑስ ዋዜማ ነርሷ ሎምሼር ሄዳ መስመሩን ፈትሻ ደህና መሆኑን አረጋገጠች፤ ማዘጋጃ ቤቱም የመጦሪያውን ክፍል ለሌላ ሰው ሰጠ። ቨርነር የበዓሉን እሳት በገዛ ደጁ ለኮሰ፤ እኛም ነበርን፣ ሄልካ ጨፍራለች፣ አያምርባትም።

በመስከረም ቨርነር ወደቡ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ልናየው ሄድን። ቀጭን ሆኗል፣ ግን ጸጉሩን አበጥሮ ተቀምጧል፣ ሐኪሞቹም ገና ሳይጨልም ወደ ቤቱ ለመመለስ ሲያስቸግራቸው እንደዋለ ነገሩን። የአምባሩ ጥሪ እንደደረሰ የነርሷ ጀልባ ቶሎ አንሥቶታል።

"ባለፈው የበረዶ ወራትም ወድቄ ነበር" አለን፣ ሳንጠይቀው። "ሳውናው ደረጃ ላይ። እየዳህኩ ነው ቤት የገባሁት።"

ሄልካ ደነገጠች። "መስመሩ ዝም ብሎ ነበር? ያኔ?"

"የለም፣ መስመሩ ደህና ነበር። እኔ ነኝ አምባሩን ያልተጫንኩት። ማንን አስቸግራለሁ ብዬ።"

በዚያ ሁሉ ጊዜ የጠገንነው ሣጥኑን ብቻ ነበር፤ ዝም የሚለው ሌላ መኖሩን አላወቅንም። ሄልካ እጁን ያዘችው።

"አሁንስ?" አለችው።

"አሁንማ ድንጋዩ ላይ እንደተጋደምኩ ልነሣ አልኩ። ሱሪዬ ጭቃ ነክቶታል፣ ነርሷ እንዲህ ሆኜ ታየኛለች ብዬ ላራግፈው እጄን ሰደድኩ። ከዚያ አንቺ ትዝ አልሽኝ።" ፈገግ አለ። "ምንም አልነካሁም። እንዳለሁ ሆኜ ተጫንኩት።"

ሄልካ የአልጋውን ጠረጴዛ መታች፣ የቨርነር ጭማቂ ብርድ ልብሱ ላይ ተደፋ። እሱም ሊጠርገው አልሞከረም፤ ነርሷን ለመጥራት ደወሉን ተጫነ።